«ሰው በላው ማን ነው?»

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ አሁንም እጠራጠራለሁ። አብረውኝ ከታሰሩት መካከል ብዙ የከበደ ነገር ያዩ ሰዎች አሉ። እኔን ማንም አልመታኝም። ያንገሸገሸኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም ስለ ፊልም ነበር።

የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በገና ጾም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስሄድ ወረታ መገንጠያው ላይ ሚኒባሳችን ለፍተሻ ቆመ። ወታደሩ ስልኬን ከፍቶ የጽሑፍ ሥራዬን አገኘ። ርዕሱ «ሰው መብላት በአስፈሪና በመራር ቀልድ ፊልሞች» ይላል። ከሥሩ ከአንድ ፊልም የወሰድኳቸው ፎቶዎች ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የክፍል ሥራ ነው።»

«ሰው መብላት ትምህርት ሆነ?»

«አይ፣ ፊልሙን ነው የምናጠናው። ላስረዳዎት፣ በመራር ቀልድ ውስጥ…»

«ውረድ።»

ያስገቡን የሩዝ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። ወለሉ ላይ የቀረው ገለባ ካልሲ ውስጥ እየገባ ይወጋል። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች አንዲት መስኮት ብቻ ነው።

ከጎኔ አንድ የባጃጅ ሾፌር ተኝቷል፤ የማያውቀውን ሰው አሳፍረሃል ተብሎ ነው የመጣው።

«በምን ገባህ?» አለኝ።

«በፊልም።»

«ሠርተህ?»

«አይቼ።»

አዳራሹ ሳቀ። ንገረን አሉኝ፤ እኔም ሰው ደስ ሲለው ደስ ይለኛልና ነገርኳቸው። ባልና ሚስት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። እንግዳውን ድስት ውስጥ ከተው እሳት ያነድዱበታል። ከዚያ ሚስትየዋ ጨው በዝቷል ትላለች፣ ባልየው አልበዛም ይላል፣ ይጣላሉ። እንግዳው ከድስቱ ውስጥ ብቅ ብሎ ሚስትየዋን ይደግፋል።

«እኔ ብሆን በባልና ሚስት መሃል አልገባም ነበር» አለ ሾፌሩ።

ከይፋግ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ በጾም እንዲህ ያለ ወሬ ይወራል?»

«አባባ፣ ወሬ እኮ ነው፤ የሚበላ ነገር የለውም።»

«ወሬውም የፍስክ ነው።»

ሾፌሩ አልተዋቸውም። «እርስዎ ደግሞ፣ እንግዳውን ሲበሉት አላሳየም እኮ! ገና እየተቀቀለ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ መርማሪው ተጠራሁ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ፎቶዎቹን አሳየኝ።

«ሰው በላው ማን ነው?»

«ባልየውና ሚስቱ ናቸው።»

«እሱን አይደለም። ማንን ለማለት ነው?»

«ማንንም። በአስፈሪ ፊልም የሚበላው ሰው ይጮኻል፣ እኛም አብረን እንፈራለን። በመራር ቀልድ ግን ስለ ጨው ይጨቃጨቃሉ፣ እኛ እንስቃለን፤ ቆይተን በሳቃችን እንደነግጣለን። የጽሑፌ ሐሳብ ይኸው ነው።»

«ባልየው የየት አገር ሰው ነው?»

«ፊልሙ ላይ አልተገለጸም።»

«አየህ? ደብቀዋል።»

ወረቀት ሰጥቶ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። አነበበና «ስም የለበትም፤ እንደገና» አለኝ። እንዲህ እያልን ቀናት አለፉ። ባልገባው ቁጥር ጥፋቱ የእኔ እየመሰለኝ መግቢያውን አሳመርኩ፣ አንቀጽ ለየሁ፣ ሥርዓተ ነጥብ አስተካከልኩ። እሱ ግን መጨረሻው ላይ ጣቱን አስቀምጦ ያንኑ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ስቄ ልፈነዳ ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሳቁም ቀረ።

ገና ካለፈ በኋላ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ፈተናህ መቼ ነው?»

«ሰኞ ይጀምራል።»

«ከቀረህ?»

«ዓመቱን እደግማለሁ።»

«ስለዚህ አሳጥረው። አስተማሪዬ ሰው በላው መንግሥት ነው ብለህ ጻፍ ብላ አዛኛለች በልና ፈርም። ዛሬ ትሄዳለህ።»

የጽሑፍ ሥራውን ከሰጠችን መምህርት ጋር ለብቻችን የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ርዕሱን ይዤላት ስሄድ «ለምን እንደሳቅህ ጻፍልኝ» ነበር ያለችኝ። መርማሪውን እስከ ነገ ላስብበት ብዬው ወደ አዳራሹ ተመለስኩ።

ለአዳራሹ ነገርኩ። ሾፌሩ በክርኑ ተደግፎ ተነሣ። «ኧረ ፈርም ወንድሜ! እሷ የተማረች ናት፣ መልስ አታጣም። አንተ ግን ፈተናው ያመልጥሃል።»

«እሷንም እዚህ ያመጧታል እኮ።»

«ላያመጧት ይችላሉ።»

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔንም የሚጠይቁኝ ስም ነው» አሉ። «ልጅህ ከማን ጋር ሄደ ይሉኛል። አላውቅም። ባውቅስ የማንን ልጅ ሰጥቼ ነው የምወጣ?» ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ተኙ። ፈርም ወይም አትፈርም አላሉኝም። ትንሽ ተናደድኩባቸው፤ ሌላ ሰው እንዲወስንልኝ ፈልጌ ነበር።

ጠዋት ወረቀቱን ተቀብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ርዕሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሰው የለም። ሰው በላዎቹ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ናቸው።» ፈረምኩ።

መርማሪው አገላብጦ አየው። «ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

ላስረዳዎት አላልኩም። ወደ አዳራሹ መለሱኝ፤ ሰኞም መጣና ሄደ።

እነሆ ዘንድሮም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አብረውኝ የጀመሩት ልጆች በመተላለፊያው ሲያገኙኝ «ጀማሪው!» ይሉኛል፤ እስቃለሁ። ያቺ መምህርት አሁንም ታስተምረኛለች። የቀረሁት ታምሜ ይመስላታል፤ አልነገርኳትም። ብነግራት ምስጋና የምጠብቅ ይመስልብኛል። አንዳንዴ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ አያትና፣ በዚያ ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ ቆማ መጻፏ ብቻ ይበቃኛል።

ለምን እንደያዙኝም ሆነ ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም። አንድ ጠባቂ በሩን ከፍቶ «ተማሪው፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለኝ። ዕለቱ የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ ነበር።