ለአክስቴ ያላደረስነው መልእክት

«ነፍስ ይማር» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ። አክስቴ በደርግ ዘመን ቦሌ አካባቢ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጡት ሲስሉ እኛ ሴቶቹ እንሽኮረመማለን፤ እሳቸው ሰሌዳውን በጠመኔ ይደበድቡታል።

«ምን ያሳፍራል? የጡት ሴል ዝም ብላ አታድግም። ከዙሪያዋ ‹እደጊ› የሚል መልእክት ሲደርሳት ትባዛለች፤ ‹በቃሽ› ስትባል ታቆማለች። ይህ መልእክት ሲዛባ ካንሰር ሊመጣ ይችላል።»

ቤትም ውስጥ አባባላቸው ይኸው ነበር። ስብሰባ መኖሩ ሳይነገረው ከቀበሌ የቀረ ሰው ሲሰደብ ከሰሙ፣ «መልእክት ያልደረሰውን አትውቀሱ!» ብለው ይቆጣሉ።

ጡታቸው ላይ እብጠት ሲወጣ ሐኪሙ ካንሰር መሆኑንና ጡቱ ቶሎ መቆረጥ እንዳለበት አብሯቸው ለሄደው አጎቴ ብቻ ነገረ። ዘመድ ተሰበሰበና «ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ትደነግጣለች» ብሎ ወሰነ። ትደነግጣለች! በሽታውን ሰሌዳ ላይ የሚያስተምሩት ሴትዮ! አክስቴ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው እኔን ሲጠይቁኝ ዓይናቸውን እያየሁ፣ «ብርድ ነው ተብሏል፣ እትዬ» አልኳቸው። ተማሪያቸው ስለሆንኩ አመኑኝ። ወራት አለፉ።

ነገሩ ሲገባቸው የቀዶ ጥገናው ጊዜ አልፎ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩኝ፤ «አንቺም?»

ዘመዶቼ ዛሬም «ሳትጨነቅ አረፈች» ይላሉ። የት ያውቃሉ! ጠመኔ የነካው ጋዋናቸው ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። መልእክት ያልደረሰውን አትውቀሱ ብለዋል። ይዞ የተቀመጠውን ግን ውቀሱ፤ ከእኔ ጀምሩ።