ቀይ የተቀባው ሰፈር

እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ ከተማረ ሰው ጋር መከራከር አልወድም። ግን ከኪዳን ስመለስ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የመሬት ዋጋ ካርታ ሳይ ደሜ ፈላ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት መውጫ ያለው ሰፈራችን፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀረው፣ ከአስፋልት ዳር ሆቴሎች እኩል ቀይ ተቀብቷል። ቀይ ማለት ውድ ነው፤ የቤት ግብሩም የሚጣለው በዚያ ልክ ነው አሉ።

ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። እማሆይ ጥሩነሽ እንኳ በምርኩዝ እያዘገሙ መጡ፤ ግብሩን ካልቻሉ ያቺን ጎጇቸውን ሸጠው ሊለቁ ነው።

«ልጄ» አልኳት ካርታውን ያዘጋጀችውን ባለሙያ፣ «ይህ ጭቃ ከሆቴል መሬት እኩል ነው ያለ ማነው?»

«አባባ፣ ከራሳችን አላመጣነውም። ቤት ለቤት ዞረን ነዋሪውን ነው የጠየቅነው።»

«እንግዲያ የነገራችሁ ሰው እግዚአብሔርን አይፈራም። ስሙን ንገሪንና በእማሆይ ፊት እንጠይቀው።»

«ይቅርብዎት» አለች።

«አይቀርም። ድሃ ሲያፈናቅል ያላፈረ፣ ስሙ ሲጠራ ምን ያፍራል?»

ጎረቤቶቼ «እውነቱን ነው» አሉ።

መዝገቡን ገልጣ ጣቷን አሳረፈች። የራሴ ስም ነው። ለካ በጥቅምት ወረቀት ይዞ ደጄ ላይ ቆሞ «ቦታው ስንት ያወጣል?» ያለኝ ጎልማሳ የእነሱ ሰው ኖሯል። እኔ ደላላ መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ መሸጥ ያልፈለገ ሰው ዋጋውን ይሰቅላል እንጂ ደጁ የመጣን እንግዳ «አልሸጥም» ብሎ አያሳፍርም።

እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል። እጄን ሳብ አድርገው «ማን ይላል?» አሉኝ።