እንፍራንዝ አጠገብ የተገኘው ማሰሮ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ሊያስተምሩ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ የእኔ ሰው ነበር። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ክፍል ግን ከሁለታችንም ቀድሞ የሚገባው አፍንጫው ነበር። በአገሩ መሬት እየቆፈረ ጥንታዊ ነገር የሚያወጣ ሊቅ ሲሆን፣ ዕድሜውን የፈጀው ኬልት የሚባሉ የጥንት አውሮፓውያንን ሳንቲም በመመርመር ነው። ሥዕሉን ሲያሳየኝ፣ ሳንቲሙ ላይ ያለው ፈረስ ገላው አንድ ቦታ፣ እግሩ ሌላ ቦታ።

«ይኸንንስ የደንቢያ ጅብ ነው የበላው» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ የገዛ ተማሪው መጽሐፉ ስሕተት መሆኑን አስመስክሮበት ከሥራው እንደተባረረ ነገረኝ። ወደ ሙያው የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የየትም አገር ይሁን፣ የጥንት ሳንቲሞች እንደተቀበሩ ሳይነኩ የተገኙበት ማሰሮ።

እሱም እንፍራንዝ አጠገብ ተገኘ! ለቤተ ክርስቲያን አጥር ሲቆፈር ወጥቶ፣ የደብሩ ቄስ አንዷን ጥቁር ሳንቲም ይዘው መጡ። ፈረንጁ እንደ አራስ ልጅ አጠባት። በአጉሊ መነጽርም አሳያቸው፤ በፊቷ የአክሱም ንጉሥ፣ በጀርባዋ ጤፍ የምታክል መስቀል። ቄሱ ብድግ ብለው ተሳለሟት።

«ሁሉም ላይ አለ?»

«ሁሉም ላይ ሳይኖር አይቀርም በላቸው» አለኝ ፊቱ በርቶ። «አደራ፣ ይጠበቁልኝ።» ከእኅቶቿ አትለይ ብሎም ያችኑ አንዷን መለሰላቸው።

ክረምቱ ገባ። የዚያን ዓመት ጭቃ እንኳን ማኪና የፋሲልን ግንብ ይውጥ ነበር። ለመስቀል መንገዱ ሲደርቅ ሄድን። ቄሱ በሐር የተጠቀለለ ነገር ይዘው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ተቀበሉን።

«ምነው ቆየህ ልጄ? አደራህን አልበላንም። መስቀል ያለበት ነገር በየመቀነቱ ተቋጥሮ ገበያ ሊዞር? ነውር ነው! አንጥረኛ ዘንድ ወስደን ሁሉንም አቅልጠን አንድ መስቀል አደረግነው። ሸጋ አይደለም?»

መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ሐሩ ሲፈታ ገብቶታል። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ሳመ፤ ቀና ማለት ግን አቃተው። እንባው የቄሱን እጅ አራሰው።

«አያችሁ?» አሉ ቄሱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «እናንተ እንደ ነገሩ ተሳልማችሁ ታልፋላችሁ፤ እምነት ማለት ይኸ ነው!»

«እኔስ ወገቤን አሞኝ ነው፣ አባ» አለ አንዱ።

በቋንቋው «ልንገራቸው?» አልኩት።

«ሳንቲሟ ላይ መስቀሉን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ሸጋ ነው በላቸው።»

አልኩ። የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ቄሱ ግን ለገበያ በመጡ ቁጥር ይጠይቁኛል።

«ያ አማኝ ፈረንጅ እንዴት ሆነ?»

«ታላቅ ሰው ሆኗል፣ አባ። የአገሩ ንጉሥ ሳያማክሩት አያድሩም።»

«ተመስገን!» ይላሉ። «እኛም እኮ ረድተነዋል።»