ከሊቀመንበሩ ፎቶ ጀርባ የተኛው ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ ይዛ መጣች። የወፍ ሥዕሎች ቆርጣ ካርቶን ላይ መለጠፍ ነበረባት፤ ኮላዋ ግን አልቋል። ከገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለአንድ ኮላ ብሎ ወርዶ መውጣት በእኔ ጉልበት የሚታሰብ አይደለም። «ቆይ፣ ድሮ የምንሠራውን ልሥራልሽ» ብዬ ፉርኖ ዱቄት በውኃ በጠበጥኩና ጣድኩት። መንተክተክ ሲጀምር ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ለብ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ዳቦ ለመሆን ተነሥቶ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ዓይነት ሽታ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ልጅቷ «እማማ፣ እያረረ ነው» ባትለኝ ኖሮ ድስቱም ሄዶ ነበር።

ለእሷ ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ለወፎቿ ቸኩላለች። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ስሙኝ።

ያደግነው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ከሥራ ሲገባ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮ ያለ ዕድሜው ሽማግሌ ይመስላል። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ቤታችን ይንቀጠቀጥና ከግድግዳው የተላቀቀ ጭቃ ከጋዜጣው ጀርባ ኮሽ ኮሽ እያለ ይወርዳል። ጋዜጣ ያልኩት፣ ያኔ የጭቃ ቤት ግድግዳ የሚሸፈነው በጋዜጣ ስለነበር ነው። ባለሱቁ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ይሸጣል፤ እናቴ ደግሞ በመለጠፉ ሥራ የታወቀች ነበረች። ዓመት በዓል ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እሷን ነበር የሚጠራው። እሷ የለጠፈችው አይጨማደድም፣ አየር አይቋጥርም። ማንበብ አትችልም፤ ሆኖም አንድም ቀን ጋዜጣ ዘቅዝቃ ለጥፋ አታውቅም። እንዴት እንደምትለየው ስጠይቃት «ፊደሉ እግር አለው አይደል? እግሩን ወደ መሬት ነው» ትለኝ ነበር።

ጴንጤዎች ነበርን፤ ይህንን በዚያ ዘመን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። ጸሎት ቤታችን ከመታሸጉ በፊት እሑድ እሑድ ልጆችን የምታስተምር ፈረንጅ ነርስ ነበረች። ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል፣ ጥቅስ በቃሌ በመያዜ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ሸለመችኝ። ትልቅ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሲገለጥ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ የሚሸት መጽሐፍ ነበር። በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አማርኛ። በእኛ ቤት ውስጥ ያለው ቀለም ሁሉ ወይ የጭቃ ወይ የጭስ ነው፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሰማያዊው የምር ሰማያዊ፣ ቀዩም የምር ቀይ ነበር።

ታናሽ እህቴ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከራት በኋላ በኩራዝ ብርሃን አነብላታለሁ። ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው የጀልባውን ሥዕል ነበር። ማዕበሉ እንደ ግንብ ቆሟል፣ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፣ ጌታ ኢየሱስ ግን ትራስ ተንተርሶ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ቀጣዩ ገጽ ላይ ተነሥቶ ማዕበሉን ጸጥ ያሰኛል፤ እህቴ ግን ያንን ገጽ እንድገልጥ አትፈቅድም። «ነቅቷል?» ትለኛለች። «ገና አልነቃም» እላታለሁ። «እንግዲያው አትቀስቅሺው» ትልና እሷም ትተኛለች። ይህንን ሳንባባል ያደርንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። ጸሎት ቤቱ ታሸገ፤ «መጤ ሃይማኖት» ተባልን፤ አባቴና ሌሎች የእኛ ሰዎች ቀበሌ ታስረው ከረሙ። አባቴ የተፈታው ዳግመኛ እንደማይሰበሰብና እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቤቱ እንደማይገኝ ፈርሞ ነው። ሁለተኛ ቢገኝብህ የምትታሰረው ቀበሌ አይደለም ብለውታል። ወዴት እንደሚወሰድ አልነገሩትም፤ በዚያ ዘመን ያልተነገረውን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር። ከእኛ ሰዎች አንዱ መጽሐፎቹን ጓሮው ቀበረ፣ ሌላው ሽንት ቤት ጨመረ። አባቴም የእኛን እንድታቃጥለው ለእናቴ ነግሯት ወደ ሥራው ሄደ።

እናቴ ቡታጋዙን ለኩሳ መጽሐፉን እንደያዘች ቆመች። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ አየች፤ ሁለተኛውን ገለጠች። ከዚያ ሽፋኑን ብቻ ገንጥላ አቃጠለችና ቡታጋዙ ላይ ድስት ጣደች። ዱቄት አምጪ አለችኝ።

እህቴን አንዲት ወሎዬ ጎረቤታችን ዘንድ ልካ በሩንና መስኮቱን ዘጋች። ገጾቹን በምላጭ እየለየች፣ ከእኔና ከእህቴ አልጋ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ለጠፈቻቸው፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ጋዜጣ። ቀን ቢሆንም ቤቱ ጨልሟል፤ የኮላው እንፋሎትና የላምባው ሽታ ያፍናል። ጋዜጣውን የማቀብላት እኔ ነበርኩ። የጀልባው ተራ ሲደርስ፣ ሊቀመንበሩ በወታደር ልብስ ገጹን ሞልቶ የወጣበትን ጋዜጣ ፈልጋ አወጣች። «እሱ ይጠብቀው፤ እሱን ደፍሮ የሚነካ የለም» አለች። እኔም ብልህነቷ ገረመኝ። የሰፈሩ ሰው ከጅብ ይልቅ የሚፈራው ያንን ፎቶ አልነበር?

አባቴ ሲመለስ አመዱን አየና እፎይ አለ። እናቴ ዋሽታው አታውቅምና ወደ ግድግዳው አመለከተችው። «ገድለሽኛል» አለ፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ እራቱን በላ።

ሁላችንም ያላሰብናት እህቴን ነበር። ልጅቷ የተመለሰችው ኮላው ሳይደርቅ ነው፤ እርጥብ ጋዜጣ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። በሊቀመንበሩ ፊት በኩል ሰማያዊው ባሕርና የጀልባው ጫፍ ደብዘዝ ብለው ይታዩ ነበር። አልጋው ላይ ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።  ግድግዳው ሲደርቅ ሥዕሉ ጠፋ፤ እኛም ልብ አላለችውም ብለን ተጽናናን። መጽሐፉ የት ሄደ ብላ ስትጠይቅ እናቴ «ገጠር፣ አጎትሽ ጋ» አለቻት። አሁን ሳስበው፣ ልጅቷ እውነቱን እያወቀች ለእናታችን ያዘነችላት ይመስለኛል፤ ደግማ አልጠየቀችም።

የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት አሰሳ ባደረጉበት ቀን ጠዋት፣ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ታዞ ስለነበር አባቴ ሥራ አልሄደም። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ የሚሰማው የቡትስ ጫማ ድምፅና የጎረቤት በር ሲደበደብ ብቻ ነው። አልጋ ላነጥፍ ትራሱን ሳነሣ አየሁት። የሊቀመንበሩ ግራ ዓይን የለም። በቦታው የሕፃን ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ በቀዳዳዋ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም።

 እናቴን ጎትቼ አሳየኋት፤ አባቴም አየ።  በዚያ ፎቶ ሥጋ የጠቀለለ ሰው እንኳ ተጠየቀበት ሲባል ሰምተናል፤ ዓይኑን መውጋት ምን እንደሚያመጣ ለማሰብ አልደፈርንም። ጋዜጣውን እንዳንገነጥለው ከሥሩ ጀልባው አለ። ሌላ እንዳንለጥፍበት እርጥብ ጋዜጣ በአሰሳ ቀን ራሱ ምስክር ነው። እናቴ አልጋው ላይ ወጥቼ ግድግዳውን እንድደገፍ በዓይኗ አዘዘችኝ። እህቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፤ ቀዳዳው ከጭንቅላቴ ኋላ ሆነ። የልጅቷ ልብ ይሁን የእኔ አላውቅም፣ አንዱ እጄ ሥር ይደልቅ ነበር።

ሁለት ሆነው ገቡ። አንዱ ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ ነው፤ አዛዡ ደግሞ ከአባቴ ጋር በአንድ ፈረቃ የሚሠራ ሰው። ሌላ ጊዜ አባቴን «ወንድሜ» ነበር የሚለው፤ ያን ዕለት «ጓድ» አለው። ሣጥኑን ገለበጡ፣ የጤፉን ጆንያ በብረት ወጉ፣ ጣሪያውን በእንጨት ነካኩ። ከዚያ ጎረምሳው ከአልጋው እንድንነሣ አዘዘ። እናቴ ልጆቹ አሟቸዋል ብላ ብትለምነው፣ ቆመው ይታመሙ አላት።

ተነሣሁ። ምን አደርጋለሁ? ጎረምሳው ፍራሹን ገልብጦ ቀና ሲል ፎቶውን አየ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባውና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ጓድ፣ ይህን ተመልከት» አለ።

አዛዡ መጣ። ማን እንዳደረገው ጠየቀ። እናቴ ወዲያው አይጥ ነው አለች፤ ኮላው ዱቄት ስለሆነ አይጥ አያስቀምጠንም፣ ያው የድሃ ቤት ነው እያለች ስትናገር እህቴ ከጎኔ ወጣች። አፏን ልይዛት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልደረስኩም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰውዬው ቁጢጥ ብሎ ለምን እንደወጋችው ጠየቃት። አልተቆጣም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ።

«ጀልባው ውስጥ የተኛው ሰውዬ ነቅቶ እንደሆነ ላይ ነው» አለችው።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያው ቅጽበት ባቡሩ አለፈ፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከጋዜጣው ጀርባ ጭቃው ኮሽ ኮሽ እያለ ወረደ። አዛዡ ድምፁ እስኪያልፍ ጠብቆ ተነሣና አንድ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አጠገቤ ስለነበረ የጃኬቱ የማሽን ዘይት ሸተተኝ፤ እሱም እንደ አባቴ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት።

ጎረምሳው ምን እንዳለ ጠየቀው።

«ጭቃ» አለ።

ከዚያ ማናችንንም ሳያይ፣ አባቴ ለአብዮቱ መሪ ፎቶ ክብር ባለመስጠቱና ልጁን ባለማንቃቱ እንደሚያዝ ተናገረ። ቀዳዳውን ጎረምሳው ስላየው ሌላ የሚለው አልነበረውም ይሆናል፤ ይህን ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለእናቴ ከቀበሌ ትልቅ ፖስተር እንደሚልክላት፣ ዛሬውኑ እንድትለጥፈው ነገራት። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና «እንዳትልጪው፤ በላዩ ላይ ለጥፊ» አለ። «በላዩ ላይ» ብሎ ደገመው።

አባቴ ጫማውን አሰረ። እህቴን አነሣት፣ ያቺን ጣቷን ሳማት፣ ለእናቴ አቀበላትና ወጣ።

የተፈታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቀበሌ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆሞ ግለሂስ አደረገ፤ ልጁን ያለ ንቃት በማሳደጉ ተጸጸተ። ስለ መጽሐፍ ያነሣ የለም። በመጽሐፉ ተይዞ ቢሆን ኖሮ እንደማይመለስ እናውቅ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ከእኛ ሰዎች ተወስደው የቀሩ አሉ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን አዛዥ መመረቅ ይሁን መርገም እንዳለባት አልቆረጠላትም፤ አንዳንዴ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ታደርገው ነበር። አባቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ከሰውዬው ጋር በዚያው ፈረቃ ሠራ። ሰላም ይባባላሉ እንጂ ስለዚያ ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

እህቴ ግን «ነቅቷል?» ማለት ተወች። ጣቶቿን ጨብጣ መተኛት ለመደች። እናቴ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብላ ምላላታለች፤ አባቴም ተመልሶ አቅፏታል፤ ልጅ ግን ያየችውን አይታለች። ምንም የማትጠይቅ ልጅ ሆነች። አድጋም እንደዚያው ናት፤ ሐኪም ቤት ሄዳ ምን እንዳመማት ሳትጠይቅ መድኃኒቷን ይዛ ትመጣለች። ይህ ጠባይዋ ያናድደኛል፤ ከተናደድኩ በኋላ ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል።

መንግሥት ተለወጠ። ጸሎት ቤቱ ተከፈተ፤ ለልጆችም የሥዕል መጽሐፍ እንደ ልብ ሆነ። ግድግዳችንን ግን ማንም አልነካውም፤ በፖስተሩ ላይ ሌላ ጋዜጣ፣ በዚያም ላይ ሌላ ተለጠፈ። ወላጆቻችን አልፈው፣ ሰፈሩ ሊፈርስ እኛም ኮንዶሚኒየም ልንገባ ስንል ሙቅ ውኃና ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። የእናቴ ኮላ ነውና በቀላሉ አልለቅ አለ። አብዛኛውን ገጽ የእውነት አይጥ በልቶታል፤ የበጉን ሥዕልም፣ የዓሣ አጥማጆቹንም። ጀልባው ጋ ስደርስ ፖስተሩ እንደምንም ተላጠ፤ የመጀመሪያው ጋዜጣ ግን ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆኗል። ሊቀመንበሩን ስስበው ጀልባውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ዙሪያውን በቢላዋ ከነጭቃው ቆርጬ አወጣሁት።

ኮዬ ፈጬ፣ እህቴ ቤት ወሰድኩላት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የጠቀለልኩበትን ፎጣ ገለጥኩ። ቢጫ የሆነ ጋዜጣ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ የደበዘዘ ፊት፤ በጠፋው ዓይን ቦታ ያ ሰማያዊ። ብርሃን አግኝቶት ስለማያውቅ ምንም አልሆነም። እህቴ መነጽሯን አወለቀች። ብዙ አየችው። ከዚያ ትንሿን ጣቷን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። አልገባችም፤ ከጥፍሯ ጫፍ በላይ አልፈቀደላትም።

«ነቅቷል?» አለችኝ።

 ስንት ዘመን የጠበቅኩት ጥያቄ ነው።

«ገና አልነቃም» አልኳት።

«እንግዲያው አትቀስቅሺው» አለች፤ ጣቷን ግን ከቀዳዳው ላይ አላነሣችም።