አክስቴና መደገፊያ የሌለው ወንበር

አክስቴ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ምሳዋን እንኳ የምትበላው ቆማ፣ በመስኮት እያየች ነው። ዕድሜ ልኳን የሠራችው ግን ሌላው ሰው እንዲቀመጥ ነው። በአንድ ሚኒስቴር የአረጋውያን ጉዳይ ክፍል ሆና፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር እንዲገባ ከበጀት ሰዎች ጋር ዓመታት ተናነቀች። በመጨረሻ "ወንበሩ ይግባ፤ የእጅ መደገፊያው ግን ወጪ ያበዛልና ይቅር" አሏት። ከነጭራሹ ከሚቀር ብላ ተስማማች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ እርጅና አስተማረች። አረጋውያንን ሁልጊዜ "እነሱ" ነው የምትላቸው፤ ራሷ ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ።

ሰሞኑን የጡረታ ቢሮው ወንበሮቹን ሊያስወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። አዲሱ ኃላፊ "ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል፤ ማን ኮሪደር ላይ ይቀመጣል?" አለ አሉ። የገዛ ተማሪዋ ነው። አክስቴ ሳሎኑን ወዲያ ወዲህ ስትልበት የኔ ራስ ዞረ።

"ጎበዝ ብዬ ያስመረቅኩት ልጅ እኮ ነው!" ትላለች። "ምን አስተምሬው ነው?"

በነጋታው ወደ ቢሮው ጎትታ ወሰደችኝ። ኮሪደሩ በሽማግሌና በባልቴት ጢም ብሏል፤ ስልክ የሚነካካ አንድም የለም። ሁለት ሠራተኞች የመጀመሪያውን ወንበር ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ አክስቴ ሄዳ ዘፍ አለችበት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"እማማ፣ ይነሱልን እንጂ" አላት አንደኛው።

"እማማህ ቤትህ ናት!"

ጫጫታውን ሰምቶ ኃላፊው ወጣ። "ፕሮፌሰር! ምነው? ቢሮ እንግባ።"

አክስቴ ወንበሩ ላይ እንዳለች ናት።

"እሺ፣ ይሄኛው አይነሳ።"

አሁንም አልተነሳችም።

"በቃ፣ ሁሉም እንዳሉ ይቆዩ!" ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናጋ። አክስቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። ልጁ ጨነቀው። "የሚጠጣ ውሃም አስገባለሁ፣ እሺ?" እኔ ኩራት ነፋኝ፤ ድርቅናዋን አውቀዋለኋ! ጎንበስ ብዬ "አሸንፈሻል እኮ አክስቴ፤ በቃ ተነሺ" አልኳት።

ያኔ ነው ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ማለቱን ያየሁት። እጆቿ ግራና ቀኝ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ።

"ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አለች በሹክሹክታ።

አንድ እጇን እኔ፣ ሌላውን ተማሪዋ ይዘን አነሳናት። አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ "አይዞሽ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን" አሏት።

"ሌላ የቀረ ነገር አለ፣ ፕሮፌሰር?" አላት ልጁ፣ እጇን ሳይለቅ።

አክስቴ ወንበሩን ቁልቁል አየችው።

"መደገፊያ አስገጥምበት፣ ልጄ። እኛ ምን ይዘን እንነሳ?"