ቡናው በቀትር ይሸፈናል

ጠዋት፣ ከሚዛን መነሻ

ከሚዛን ወደ ቴፒ የተነሳሁት ታላቅ እህቴን ወርቄን ሐኪም ቤት ለማምጣት ነው። ከንፈሯ ላይ የወጣው ቁስል ከክረምት ጀምሮ አልድን ብሏል። ወርቄ ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋም ጸጉሯም ነጭ ነው፤ አልቢኒዝም ይሉታል። ሥራዋ ቡና ማድረቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትውላለች። አንዱ ፋርማሲ ቅባት ሰጣት፣ ሌላው ክኒን። ማንን እንደምሰማ ግራ ገብቶኛል።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጡ እናት ነገሩን ስነግራቸው ሳቅ አሉ።

«ምች ነዋ ልጄ! ዳማከሴ ጨምቀሽ ቀቢ በላት።»

ዳማከሴውንማ ስንቴ ቀባችው! ምችም ከፀሐይ ነው ይባላል። ታዲያ ይሄኛው ለምን እንደ ምች አይለቅም? እናትየዋ ሸኮ ላይ ሲወርዱ ሙዝ በመስኮት አቀበሉኝ። ሙዙን እየላጥኩ ጭራሽ ተምታታብኝ።

ቴፒ፣ ከቀትር በፊት

በመንገዴ ሁሉ ያየሁት ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ነው። ወርቄ የምትሠራበት ግቢ ግን አንድም ዛፍ የለውም፤ የማድረቂያ አልጋዎች ብቻ ተደርድረዋል። ሻሿን ጸጉሯ ላይ አስራ፣ ፊቷን ገልጣ ቡናውን ታገላብጣለች። የቁስሉ ጠርዝ ጠጥሯል፤ ሲነካም ይደማል።

«እታለም፣ ተነሺ እንሂድ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ቡናው ይሸፈን። የቀትር ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል።»

ሸራውን አብሬያት ዘረጋሁ።

«ለቡናው እንዲህ ታስቢለታለሽ። ለራስሽስ?»

«ቡናው ይሸጣል፤ እኔ አልሸጥ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ሚዛን፣ በማግስቱ

«ምች ቢሆን በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደርቅ ነበር» አሏት ሐኪሙ። «የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ናሙና ወስደን እናያለን።»

«ፀሐይ ላይ የምንሠራው እኮ ብዙ ነን። ለምን እኔን ብቻ?»

ፀሐይን የሚከላከለው ቀለም በእሷ ቆዳ ላይ እንደሌለ፣ ሌላውም ሰው ቢሆን ከፀሐይ ጉዳት ጨርሶ እንደማያመልጥ ቀስ ብለው አስረዷት። ናሙናውን ወሰዱ፤ ውጤቱ ገና አልደረሰም።

ቤት ገባን። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ያልዳነን ቁስል ምች ነው እያሉ መጠበቅ ጊዜ እንደሚበላ ነው። የቀረው አሁንም አልገባኝም፤ እፈራለሁ።

ወርቄ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየቻትና ወንበሯን አንስታ ገባች።

«መሸፈኛ ሰዓት ደረሰ» አለች።