ጀርባውን ሰጥቶ የሚዘፍነው

ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ዘፋኙ የጀመረውን ግጥም ሳይጨርስ በድንገተኛ ሕመም ሞተ። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያዥ ከድጃ የሞት መዝገቡን ስትሞላ «ሥራ» ከሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ጅማ ላይ ሮክ የሚጫወት እሱ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ፊልም ሾፌር ሆኖ ተውኗል፤ በቴሌቪዥንም ሁለቴ ዘፍኗል። የሼህ ልጅ በመሆኑ ግን ሁልጊዜ የሚዘፍነው ፊቱ እንዳይታወቅ ለታዳሚው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

«ዙር እንጂ፣ ኮትህን ልናይ ነው የመጣነው?» ሲሉት፣ «አባ ሰው ልኮ ይሆናል» ይላል። ከድጃ ያንን ቡናማ ኮት ከነመጣፊያው ታውቀዋለች።

«ሼህ፣ ሥራውን ምን ብዬ ልጻፍ?» ስትል ሞቱን ሊያስመዘግቡ የመጡትን አባቱን ጠየቀች።

«ዘፋኝ በይ፣ ልጄ። በሬዲዮ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሰማው ነበር። ወላሂ፣ አልነገርኩትም።»

ጻፈች።

በሞተበት ቀን ጠዋት ለአባቱ ሬዲዮ አራት የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ፣ ራሱ ከቶላቸው ነበር ከቤት የወጣው።